ቀበና በዓመት ስንት ቶን ደለል ያወርዳል? የአንድ ግምት ታሪክ

በ2017 ዓ.ም. መግቢያ ላይ አንድ የንድፍ ቢሮ ያዘጋጀው ሪፖርት ለግምገማ ደረሰኝ። ጉዳዩ በቀበና ወንዝ ላይ፣ ከድልድዩ ዝቅ ብሎ፣ ሊሠራ የታሰበ አነስተኛ የደለል ማቆሪያ ኩሬ ነው። ወንዙ ከእንጦጦ ግርጌ ይዞት የሚወርደው አፈር እዚያ እንዲቀር፣ ከታች በኩል ያለው የወንዝ ዳር መናፈሻ በየክረምቱ ጭቃ እንዳይለብስ ታስቦ ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ነገር ግን እንዲህ ያለ ኩሬ ሲሠራ ከሁሉም በፊት የሚጠየቅ አንድ ጥያቄ አለ፦ ወንዙ በዓመት ስንት ቶን ደለል ያወርዳል? የኩሬው ስፋት፣ የሚጠረግበት ጊዜ፣ የሚያዝለት በጀት ሁሉ የሚንጠለጠለው በዚህ ቁጥር ላይ ነው።

ሪፖርቱ የሰጠው መልስ ኩሬው ሳይጠረግ ከ20 ዓመት በላይ ይቆያል የሚል ነበር። በሐምሌ ከሰዓት በኋላ ቀበና ድልድይ ላይ ቆሞ ወደ ታች ያየ ሰው ይህን ለማመን ይቸገራል። ይሁን እንጂ ዓይን አይቶ የገመተውን ብቻ ይዞ የሰው ሥራ ውድቅ ማድረግ ተገቢ አይደለም። ስለዚህ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ለማየት ፋይሎቹን አስላክሁ።

ግምቱ የተሠራው በሎድኤስት ነው። ሎድኤስት የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣው ነጻ ፕሮግራም ሲሆን፣ ያዘጋጁት ሮበርት ራንክል፣ ቻርለስ ክሮፎርድ እና ቲሞቲ ኮን ናቸው። በፎርትራን የተጻፈ ነው፤ የሚነካካ መስኮትም ሆነ ቁልፍ የለውም። አራት የጽሑፍ ፋይሎች ይቀርቡለታል፣ እሱም ውጤቱን በጽሑፍ ፋይል ይመልሳል። ሥራው ሲታይ ቀላል ነው። በወንዝ ውስጥ ያለውን ደለል ወይም ብክለት በየቀኑ ናሙና ወስዶ ማስመርመር ውድ ነው፤ የውሃውን ፍሰት በየቀኑ መለካት ግን በንጽጽር ርካሽ ነው። ስለዚህ ናሙና በተወሰደባቸው ጥቂት ቀናት በፍሰቱና በጭነቱ (ወንዙ በቀን በሚሸከመው የደለል ክብደት) መካከል ያለውን ዝምድና በሪግሬሽን፣ ማለትም ለነጥቦቹ የሚስማማውን መስመር በማስላት፣ ይፈልጋል፤ ዝምድናውን ካገኘ በኋላ ናሙና ያልተወሰደባቸውን ቀናት ጭነት ከፍሰታቸው ተነስቶ ይገምታል።

ስሌቱ የሚካሄደው በሎጋሪዝም ነው። የጭነቱ ሎጋሪዝም በፍሰቱ ሎጋሪዝም፣ በዚያው ካሬ፣ ወቅትን በሚወክሉ ሳይንና ኮሳይን፣ እንዲሁም በጊዜ ሂደት ይገለጻል። ከእነዚህ የትኞቹ እንደሚገቡ ተጠቃሚው ራሱ ሊመርጥ ይችላል፤ አለበለዚያ የሞዴሉን ቁጥር ዜሮ ብሎ ምርጫውን ለፕሮግራሙ መተው ይቻላል። ቢሮው ዜሮ ብሎ ነበር።

ሎጋሪዝም ሲነሳ አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም በእጅ ወይም በኤክሴል ለሚሠሩ ሰዎች ትልቁ ወጥመድ እዚህ ላይ ነው። የሁለት ቀን ጭነት 1 ቶን እና 100 ቶን ቢሆን እውነተኛው አማካይ 50.5 ነው። በሎጋሪዝም አማካይ ወስዶ ወደ ቶን የመለሰ ሰው ግን 10 ያገኛል። በኤክሴል መስመር አስምሮ ወደ ቶን የሚመልስ ሁሉ፣ ማስተካከያ ካላደረገ፣ ሳያውቀው የወንዙን ጭነት ያሳንሳል። ሎድኤስት ይህን ያርማል። ጥንካሬው ይህ ነው፤ ቢሮው እሱን መምረጡም ስህተት አልነበረም።

ችግሩ የጀመረው ለፕሮግራሙ ከተሰጡት ፋይሎች ነው።

የናሙናዎቹን ፋይል ስከፍት የመጀመሪያው ዓምድ ቀን ነው። ከላይ ወደ ታች ስወርድ 20161112 የሚል አገኘሁ። ፕሮግራሙ ይህን የሚያነበው 2016 እ.ኤ.አ.፣ ኖቬምበር 12 ብሎ ነው። ናሙናውን የወሰደችው ባለሙያ በመስክ ወረቀቷ ላይ የጻፈችው ግን ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው፤ እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 2024። ወረቀቱ ትክክል ነው። ከወረቀቱ ወደ ኮምፒውተር ያስገባው ሰው ወሩን 11 ብሎ እንዳለ ገልብጦታል። የፍሰቱ ፋይል በበኩሉ ከመለኪያ መሣሪያው በቀጥታ የመጣ ስለነበር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የዚህ ነገር ክፋቱ ፕሮግራሙ አለመጮኹ ነው። ሎድኤስት በናሙናው ፋይል ውስጥ ቀን፣ ሰዓት፣ ፍሰትና ክምችት (በአንድ ሊትር ውስጥ ያለው መጠን) በአንድ ረድፍ ስለሚቀርቡለት ቀኑን ከሌላ ፋይል ጋር አያመሳክርም። 20161112 ትክክለኛ ቀን ነው፤ ይቀበለዋል። የክረምቱን ድፍርስ ውሃ በኖቬምበር ያየ ይመስለዋል፣ የወቅቱን ሳይንና ኮሳይንም በዚያው ይስላል። ከዚያ የፍሰቱ ፋይል ላይ ጁላይና ኦገስት ሲደርስ እንደ በጋ የጠራ ወቅት አድርጎ ይቆጥራቸዋል። በዚህ ላይ ናሙናዎቹ በ2016፣ የሚገመቱት ቀናት በ2024 ስለሆኑ የጊዜ ሂደት የሚለው ክፍል ሰባትና ስምንት ዓመት ወደፊት ይንጠራራል። ሰዓቱም እንዲሁ ነበር፤ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል የሚለው 0930 ተብሎ ገብቷል፣ መሆን ያለበት 1530 ነው።

ይህ በሰነፍ ሰው ላይ ብቻ የሚደርስ ስህተት አይደለም። ሁለት አቆጣጠር ይዘን የምንኖር ሰዎች ነን። የመስክ ባለሙያውና የድልድዩ ጥበቃ በኢትዮጵያ ሰዓት ይጽፋሉ፣ መሣሪያው በሌላው ይመዘግባል፣ ቢሮ ያለው ሰው ደግሞ ሁለቱን ያጋጥማል። ጳጉሜ ውስጥ የተወሰደ ናሙና ቢኖር ወር 13 ተብሎ ይገባና ቢያንስ ጥርጣሬ ይፈጥር ነበር። ስለዚህ አሁን ለማውቃቸው ሁሉ የምለው አንድ ነው፦ በመስክ ወረቀቱ ላይ ሁለቱም ቀን ጎን ለጎን ይጻፍ፤ የሚቀይረው ናሙናውን የወሰደው ሰው ይሁን፣ በዚያው ቀን፣ እዚያው ወንዙ ዳር።

ቀኖቹን አስተካክለን ፕሮግራሙን እንደገና አሠራነው። ቁጥሩ ከፍ አለ፤ ግን አሁንም የማይታመን ነበር። ሁለተኛው ችግር ከመጀመሪያው ይልቅ ሥር የሰደደ ነውና ረዘም አድርጌ ልግለጸው።

ናሙናዎቹ ከሃያ ብዙም አይበልጡም። ሎድኤስት ለመሥራት ቢያንስ 12 ይፈልጋል፤ ስለዚህ በቁጥር ያልፋሉ። ግን መቼ ተወሰዱ? ከጥቂቶቹ በስተቀር ሁሉም ጠዋት፣ ከ3 እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ። ምክንያቱ የታወቀ ነው፤ መኪና የሚገኘው ጠዋት ነው፣ ላቦራቶሪው ናሙና የሚቀበለው እስከ ከሰዓት ነው፣ ሠራተኛውም ወደ ቤቱ መግባት አለበት። የአዲስ አበባ የክረምት ዝናብ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከሰዓት በኋላ ነው። ጠዋቱ ፀሐያማ ሆኖ 8 ሰዓት አካባቢ እንጦጦ ላይ ደመናው ይጠቁራል፤ ሲዘንብ ደግሞ ቀበና በደቂቃዎች ውስጥ ይሞላል፣ ከመሸ በኋላ ተመልሶ ይጎድላል። ተፋሰሱ ትንሽና ቁልቁል ነው፤ ከእንጦጦ ራስ እስከ መሃል ከተማ ድረስ ያለው የከፍታ ልዩነት ከ600 ሜትር በላይ ሲሆን፣ በመካከሉ ያለው መሬት አብዛኛው ቆርቆሮ፣ ኮብልስቶንና አስፋልት ነው። ውሃው የሚሰርግበት ቦታ የለም።

ይህ ለደለል ምን ማለት እንደሆነ በቀላል ሒሳብ እንየው፤ ቁጥሮቹ ለማስረዳት የተወሰዱ ናቸው። በበጋ ጠዋት ወንዙ በሰከንድ 200 ሊትር ቢፈስና በሊትር 60 ሚሊግራም ደለል ቢኖረው በሰከንድ 12 ግራም፣ በቀን 1 ቶን ገደማ ይሆናል። በክረምት ከሰዓት ጎርፉ በሰከንድ 10 ኪዩቢክ ሜትር ቢደርስና በሊትር 5 ግራም ቢይዝ በሰከንድ 50 ኪሎ፣ በሰዓት 180 ቶን ነው። የአንድ ሰዓት ጎርፍ የበጋውን ስድስት ወር ያህል ይሸከማል ማለት ነው። ደለሉ ቢረጋ አንዱ ኪዩቢክ ሜትር 1.2 ቶን ይመዝናል ብንል 150 ኪዩቢክ ሜትር፣ ወይም ዘጠኝ አሥር ሲኖትራክ ሙሉ ነው። በአንድ ሰዓት።

እንግዲህ ያቺን ሰዓት ያላየ ፕሮግራም ምን ሊገምት ይችላል? ያየው ከሞላ ጎደል ዝቅተኛ ፍሰት ብቻ ነው። ከእነዚያ ጠዋቶች ተነስቶ መስመር አሰመረ፤ ሞዴሉንም ራሱ ስለመረጠ የፍሰቱን ካሬ አስገባ፣ የካሬው ቁጥር ደግሞ ኔጋቲቭ ወጣ። ከናሙናዎቹ መካከል ፍሰታቸው ከፍ ያሉት ሁለቱ በአጋጣሚ ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ውሃው መጥራት ከጀመረ በኋላ የተወሰዱ ነበሩና። ኔጋቲቭ ካሬ ማለት መስመሩ እያደር ወደ ታች ይጎብጣል ማለት ነው፦ ፍሰቱ ከአንድ ደረጃ በላይ በጨመረ ቁጥር በአንድ ሊትር ውስጥ ያለው ደለል እየቀነሰ ይሄዳል። ሪፖርቱ በሌላ አነጋገር ቀበና ሲሞላ ይጠራል እያለ ነበር።

የሚያሳዝነው ፕሮግራሙ ይህን ተናግሯል። ሎድኤስት የሚገመተው ፍሰት ናሙና ከተወሰደበት ከፍተኛ ፍሰት ካለፈ በውጤት ፋይሉ ላይ ማስጠንቀቂያ ያትማል፤ ግምቱ ከታየው ውጭ የተዘረጋ ነው ይላል። ማስጠንቀቂያው ፋይሉ ውስጥ ነበር። ሪፖርቱ ውስጥ ግን አልገባም። የገባው አር ስኩዌር (መስመሩ ከናሙናዎቹ ጋር ምን ያህል እንደተስማማ የሚያሳየው ቁጥር) ነው፣ በጣም ከፍተኛ ሆኖ። ደንበኛውም ያንን አይቶ ረካ።

አር ስኩዌር እዚህ ላይ ያታልላል። ጭነት ማለት ፍሰት ሲባዛ በክምችት ነው። ጭነትን ከፍሰት ጋር ስናዛምድ ፍሰቱ በሁለቱም ወገን አለ፤ ክምችቱ ምንም ዓይነት ዝምድና ባይኖረው እንኳ ፍሰት ከራሱ ጋር ስለሚመሳሰል ቁጥሩ ከፍ ይላል። መታየት ያለባቸው ሌሎች ናቸው። የሎድኤስት አዲሶቹ እትሞች የጭነቱን አድልዎ፣ ማለትም ግምቱ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ምን ያህል እንዳጋደለ፣ በመቶኛ ያወጣሉ፤ ወደ ላይም ሆነ ወደ ታች ከ25 በመቶ ካለፈ ሞዴሉን አትጠቀሙበት ተብሎ ተጽፏል። የናሽ እና ሰትክሊፍ መለኪያም አለ፤ ከዜሮ በታች ከሆነ ከሞዴሉ ይልቅ አማካዩን መጠቀም ይሻላል ማለት ነው። ከሁሉም በላይ ግን የተረፈውን ስህተት (በተለካውና በተገመተው መካከል ያለውን ልዩነት) በፍሰት ላይ ነጥብ በነጥብ ስሎ ማየት ነው። ሲሳል ነጥቦቹ በቀኝ በኩል ሲወርዱ ወዲያው ይታያል፤ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

ግምገማዬን ጽፌ ስሰጥ አንድ ነገር አጥብቄ ጠየቅሁ፦ ኩሬው ከመቆፈሩ በፊት በሚቀጥለው ክረምት የጎርፍ ናሙና ይወሰድ። ቢሮው መጀመሪያ ላይ አንገራገረ፣ ጊዜም ገንዘብም ይፈልጋልና። በመጨረሻ ተስማሙ፤ የተስማሙበትንም ልብ አመሰግናለሁ።

ናሙና አወሳሰዱ ራሱ ትምህርት ነበር። በበጋ ባለሙያዋ ወንዙ ውስጥ ገብታ በዘንግ ላይ የታሰረ ጠርሙስ፣ ዲኤች-48 የሚባለውን፣ ከላይ እስከ ታች በእኩል ፍጥነት እያወረደችና እያወጣች ትቀዳ ነበር። በጎርፍ ጊዜ ወንዙ ውስጥ መግባት ሞት ነው። ስለዚህ ከድልድዩ ላይ ሆኖ፣ ከብረት ክብደት ጋር የታሰረ ጠርሙስ በገመድ ማውረድ ነበረበት። ቀላል አይደለም። ጎርፉ ብቻውን አይመጣም፤ ፌስታል፣ የውሃ ፕላስቲክ፣ የዛፍ ግንድ፣ አንድ ጊዜ ሙሉ ፍራሽ ይዞ መጥቷል። ገመዱ ላይ ፌስታል ሲጠመጠም ጠርሙሱ ከላይ ይንሳፈፍና የሚቀዳው የላዩን ውሃ ብቻ ይሆናል፤ አሸዋው ያለው ደግሞ ከታች ነው። ስለዚህ በአንድ ጎርፍ ውስጥ በየሃያ ደቂቃው፣ ውሃው ሲወጣም ሲወርድም፣ ደጋግሞ መቅዳት ግድ ሆነ።

ጠርሙሶቹን መኪና ኮፈን ላይ ደርድረን አይተናል። ጎርፉ ሲመጣ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የተቀዳው ጥቁር ነው፤ የቦይ ቆሻሻ፣ የመንገድ አቧራና ዘይት ጠርጎ የመጣው እሱ ነው፣ ሽታውም ያስታውቃል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ቀይ ነው፤ የእንጦጦ ግርጌ አፈርና በግንባታ የተቆፈረ መሬት። ውሃው መጉደል ሲጀምር የተቀዳው፣ ፍሰቱ ቀድሞ ከነበረው ጋር እኩል ሆኖ ሳለ፣ ቀጠን ይላል። ቀዩን ጠርሙስ ትንሽ አቆይቶ ላየው አሸዋው ወዲያው ከታች ይቀመጣል፤ ሸክላው ግን በማግስቱም አልረጋም ነበር። ላቦራቶሪ ውስጥ ማጣሪያ ወረቀቱ ገና ጥቂት ውሃ ሲፈስበት ስለሚደፈን መጠኑን መቀነስ አስፈልጓል፤ ከዚያ ከ103 እስከ 105 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ደርቆ ይመዘናል።

ፍሰቱም ሌላ ጣጣ ነበረው። የውሃው ከፍታ የሚመዘገበው በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ 12 ሰዓት ላይ ነበር፤ በሀገራችን በብዙ ወንዞች የተለመደው ይኸው ነው። ለአባይ ወይም ለአዋሽ ይበቃ ይሆናል። ቀበና ግን 9 ሰዓት ላይ ሞልቶ 12 ሰዓት ሳይሞላ ይጎድላል፤ መዝገቡ ጎርፉን ጭራሹን አላየውም። በመሣሪያ የተመዘገበውም በቀን አማካይ ተጨምቆ ነበር የገባው። ሎድኤስት በቀን እስከ 24 ፍሰት ድረስ ስለሚቀበል በየሰዓቱ እንዲገባ አደረግን። መሣሪያው የዘለላቸውን ከፍታዎች ለማግኘት ደግሞ ድልድዩ አጠገብ መኪና የሚያጥቡት ልጆች ረዱን። «ጋሼ፣ የትናንቱ እዚህ ድረስ ነው የመጣው» ብሎ አንዱ በድጋፍ ግንቡ ላይ የቀረውን የጭቃ መስመር አሳየኝ። እነሱ ድምፁን ሰምተው መኪና የሚያሸሹ ስለሆኑ ሰዓቱን በደንብ ያውቁታል። መስመሩን በሜትር ለክተን፣ የወንዙን ተዳፋትና የአልጋውን ሻካራነት ይዘን በማኒንግ ቀመር ፍሰቱን አሰላን።

አዲሶቹ ናሙናዎች ሲገቡ ሞዴሉን ለፕሮግራሙ ምርጫ አልተውነውም። ፍሰትና ወቅት ብቻ ያለበትን ወሰድን። ካሬውን አስወጣነው፣ የጊዜ ሂደቱንም እንዲሁ፤ በሁለት ክረምት መዝገብ የወንዙ ጠባይ ተቀየረ ወይስ አልተቀየረም ማለት አይቻልምና፣ በተለይ የወንዝ ዳር ግንባታው እየተካሄደ ባለበት ጊዜ። ረጅም ዓመታት የተሰበሰበ ብዙ ናሙና ላለው ወንዝ የሮበርት ሂርሽና የባልደረቦቹ ደብልዩአርቲዲኤስ (WRTDS) የተባለው የግምት ዘዴ የተሻለ ነው፤ ለእኛ ግን ገና ነው።

አሁን የፍሰቱ ቁጥር (በቀመሩ ውስጥ የፍሰቱ ሎጋሪዝም የሚባዛበት) ከ1 በላይ፣ በግልጽ ከ1 በላይ፣ ወጣ። ይህ ቁጥር 1 ከሆነ ክምችቱ ፍሰቱ ቢጨምርም ቢቀንስም አይለወጥም ማለት ነው፤ ከ1 ካነሰ ውሃው ሲበዛ ብክለቱ ይቀጥናል፤ ከበለጠ ጎርፉ ከውሃው በላይ እየጫነ ይመጣል። አድልዎውም ከተፈቀደው ውስጥ ገባ። ዓመታዊው ደለል ከመጀመሪያው ሪፖርት ብዙ እጥፍ ሆነ፤ የኩሬው ዕድሜም ከ20 ዓመት ወደ ጥቂት ክረምት ወረደ።

ከናሙናዎቹ ለተለካው ፎስፈረስ ግን ታሪኩ የተገላቢጦሽ ነው፤ እኔን ከሁሉ ይበልጥ ያስገረመኝም ይህ ነው። በውሃ የሟሟው ፎስፈረስ ቁጥሩ ከ1 በታች ወጣ። ምንጩ ከየቤቱ በቀጥታ ወንዙ ውስጥ የሚለቀቅ ፍሳሽ ስለሆነ ዓመቱን ሙሉ ይመጣል፤ በበጋ የሚያቀጥነው ውሃ ስለሌለ ይወፍራል፣ ክረምት ሲመጣ ይቀጥናል። እነዚያ የጠዋት ናሙናዎች ለደለል ባይበቁም ለፎስፈረስ ውድ ነበሩ። ስለዚህ አንድ ወንዝ ላይ የሚለካ ሰው ምን እንደሚፈልግ ሳያውቅ መቼ መቅዳት እንዳለበት ሊያውቅ አይችልም። ከዚህ በታች ደግሞ ውሃው ከባንቲይከቱ ጋር ተቀላቅሎ ወደ ታላቁ አቃቂ፣ ከዚያም ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይወርዳል፤ እዚያ ያለውን እምቦጭ ከሚቀልቡት አንዱ ይኸው ፍሳሽ ነው። ኩሬው ደለሉን ይይዛል፤ የሟሟውን ፎስፈረስ ግን አይዝም። ሪፖርቱ ኩሬው ሁለቱንም ይቀንሳል ይል ነበርና ያ ዓረፍተ ነገር እንዲወጣ አደረግሁ። ለፎስፈረስ መፍትሔው የፍሳሽ መስመር መዘርጋት ነው።

ንድፉ ተቀይሯል። ኤክስካቫተርና ሲኖትራክ እስከ ኩሬው ወለል የሚወርዱበት መንገድ ገብቶበታል፤ በመጀመሪያው ንድፍ ላይ ጭራሹን አልነበረም። ጠረጋው በየዓመቱ፣ ግንቦት ላይ ከክረምቱ በፊትና ጥቅምት ላይ ካበቃ በኋላ እንዲሆን በጀት ተጠይቆለታል። ያልተቋጨው የሚወጣው ደለል የት እንደሚደፋ ነው። የጋራዥ ዘይትና የከተማ ፍሳሽ የነካው ጭቃ ስለሆነ ለከባድ ብረቶች፣ በተለይ ለእርሳስና ለክሮሚየም፣ ሳይመረመር ለአትክልት ማሳ ወይም ለመናፈሻ አፈር እንዳይሰጥ ጠይቄአለሁ። የድጋፍ ግንቡም በአዲስ እየተሠራ ስለሆነ የወንዙ ወርድ ተቀይሯል፤ ከከፍታ ወደ ፍሰት የምንሄድበት ሠንጠረዥ ከሚቀጥለው ክረምት በፊት እንደገና መለካት አለበት።